የኋላው ወንበር

እኔ በልጅነቴ የቀናሁት በሰው አይደለም፤ በመኪና ነው። የሰፈራችን ልጆች ታናሽ ሲወለድባቸው ይቀናሉ፣ ጥግ ይዘው ያኮርፋሉ፣ ሕፃኑን ቆንጥጠው ይሮጣሉ። እኔ ታናሽም ታላቅም አልነበረኝም። የነበረችኝ መርቸዲስ ናት። ከእኔ በፊት ቤት የገባች፣ ከእኔ የተሻለ ጣሪያ ያላት፣ ዝናብ ሲያንጠባጥብ አባቴ ከእኔ አስቀድሞ ሮጦ የሚሸፍናት ጥቁር ሰማያዊ መርቸዲስ።

አባቴ አስማማው የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። መኪናዋ በደጉ ዘመኗ ሥራ አስኪያጆች የሚሄዱባት ነበረች። ኋላ ሞተሯ ነክሶ፣ ከመጋዘን ጀርባ ሣር በቅሎባት ስትቀር ፋብሪካው በጨረታ አወጣት። አባቴ ገና ሳያገባ ነው፤ ያጠራቀማትን ሁሉ አራግፎ ገዛትና በገዛ እጁ ፈቶ ገጥሞ አስነሳት። እናቴ የሺመቤት፣ "እኔን ያገባኝ ከሷ በተረፈው ነው" ትል ነበር። ስትለው ትስቃለች። እኔ አልስቅም።

እውነቱን ለመናገር ታምር ነበረች። ዳሽቦርዷ እውነተኛ እንጨት ነው። በሯ ሲዘጋ እንደ ሌሎቹ መኪኖች አይንኳኳም፣ እንደ ከባድ የልብስ ሣጥን "ድም" ብሎ ይገጥማል። ወንበሮቿ ቀይ ቆዳ ናቸው፤ የኋላው ወንበር ደግሞ ከእኛ ቤት ሶፋ ይሰፋል። መካከሉ ላይ ተጎትቶ የሚወርድ የክንድ ማሳረፊያ አለው። እዚያ ላይ ክንዱን ያሳረፈ ሰው፣ ሽንኩርት ነጋዴም ቢሆን፣ ሚኒስትር ይመስላል።

እኔ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ቁስሌ ይኼ ነው፤ ሌላ የለኝም። ሌላው ሁሉ ይቀመጥበታል። ምጥ የያዛት ጎረቤት ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ትቀመጥበታለች። አባ ወልደ ጻድቅ ከከተማችን ሐይቅ ማዶ፣ ከደሴቱ ገዳም ለዓይናቸው ሕክምና ሲመጡ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ይቀመጡበታል። እኔ ግን ፊት ነኝ። ሁልጊዜ ፊት፣ እንደ ታክሲ ረዳት።

"አባዬ፣ ዛሬ ኋላ ልቀመጥ?"

"ፊት ነይ።"

"ለምን?"

"ፊት ነይ አልሁሽ እኮ፣ ጸሎቴ።"

ፊት ተቀምጬም ሰላም የለኝም። ብሬክ በያዘ ቁጥር ቀኝ እጁን ዘርግቶ ደረቴ ላይ እንደ በር መቀርቀሪያ ይጋርድብኛል። አህያ ቢያቋርጥ እጁ ይመጣል፤ ብስክሌት ቢገባ እጁ ይመጣል። እኔ ይህን የተረዳሁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እንጨቷን በቆሸሸ እጄ እንዳልነካበት ነው። መኪናዋን ከእኔ እየጠበቃት ነው።

ከቤታችን ትይዩ ደግሞ መሲ ነበረች። አባቷ አቶ አማኑኤል የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አዲስ ነጭ ኮሮላ ነበራቸው። በመሲ የማልቀናበት ነገር አልነበረም። በጫማዋ እቀናለሁ፣ በጸጉር ማስያዣዋ እቀናለሁ፣ በአባቷ ኮሮላ ውስጥ ለውዝ እየቆረጠመች ገለባውን ወለሉ ላይ መጣል በመቻሏ እቀናለሁ። እኛ መኪና ውስጥ ማስቲካ ማኘክ እንኳ በፈቃድ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ አማኑኤል የእኛ በር ላይ ቆመው አባቴን ሲያሾፉበት መስማት የሳምንቱ ደስታዬ ነበር።

"ኧረ አስማማው፣ ይቺን ሴትዮ ጡረታ አውጣት! ቤንዚን እንደ ጠላ ነው የምትጠጣው። ዕቃዋ አዲስ አበባ ወርደህ እንኳ አይገኝ። አርጅታለች፣ በቃ።"

"ችግሯ ጨርሳ አለማርጀቷ ነው" አለ አባቴ፣ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ኮከብ በጨርቅ እየወለወለ። "ትንሽ ያረጀ ነገር አሮጌ ይባላል። ፈጽሞ ያረጀ ነገር ቅርስ ይባላል። ይቺ መሐሉ ላይ ናት። መሐሉን በደኅና ካሳለፍኋት ዋጋዋ ይመለሳል።"

"ሰውም እንዲያ በሆነ!" አቶ አማኑኤል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ያን ጊዜ እኔን ማን ይችለኛል?"

"ይሳቁ። አንድ ቀን ሰው ይቺን ብሎ ይኼን በር ያንኳኳል።"

"ከቆራሌው በቀር ማንም አያንኳኳልህም።"

መሲ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከሷ አብልጬ ሳቅሁ። ቆራሌው "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር በሩን ከፍቼ የምቆምበትን ምክንያት ማንም አላወቀም። ላስቲክ ጫማ አልነበረም ልሰጠው የምፈልገው።

አባቴ ግን አልሳቀም ነበር። ይኼ ነገር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዕቃው የሚኩራራ ሰው ሲያሾፉበት ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። አባቴ እንደዚያ አልሆነም። ሐኪም ፊት እንደ ቆመ አስታማሚ፣ "ይመለሳል አይደል?" በሚል ዓይነት ነበር የሚያያቸው።

እናቴም እንደ እኔ በመኪናዋ የምትቀና ይመስለኝ ነበር። መቼም ሴት ናት እል ነበር በልቤ። ደኅና ሳለን ስለ መኪናዋ አታነሣም። እኔ ጉንፋን የያዘኝ እንደሆነ ግን አባቴን ትይዘዋለች፤ "አሁንስ አትሰጥም? እስከ መቼ ነው?" እያለች ስታንሾካሹክ እሰማታለሁ። የኔ ሳልና የመኪናዋ መሸጥ ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። ግን አጋር ማግኘቴ አስደሰተኝና አንዳንዴ ሳሌን አረዝመው ነበር።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው። ሰማይ ይከፈታል ይባላል። በሰፈራችን ያን ቀን የጠቆረ ደመና ሲታይ እናቶች ራሳቸው ልጆቻቸውን ገፍትረው ያስወጣሉ፤ ቁምጣ ብቻ የለበሰ ሁሉ በጭቃው ይራገጣል፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ ነጠላቸውን ጥለው አናታቸውን ይሰጣሉ።

በእኛ ቤት መኪናዋም ትወጣለች። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ እንዳይነካት የሚሳሳላት አባቴ፣ ያን ዕለት ሸራዋን ገፎ፣ ጥላ ሳይዝ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ይወስዳታል። አፍንጫዋን ወደ ውኃው አዙሮ ያቆማትና ዝናብ ሲያወርድባት አብሯት ቆሞ ይደበደባል። እኔ ይኼንን በየዓመቱ እሰማለሁ እንጂ አላየሁም፤ እናቴ ትከለክለኝ ነበር። የእግዜርን ጠበል እንኳ መጀመሪያ ለሷ! ይኼን እያሰብሁ ጭቃው ውስጥ ስራገጥ ጠበሉ ለጤናዬ ይሁን ለንዴቴ አላውቅም።

ሦስተኛ ክፍልን የጨረስሁ ዓመት አልቅሼ፣ ምግብ እምቢ ብዬ፣ ካልወሰድኸኝ ብዬ ተነሣሁ። አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ፊቷን አዞረች። "እንግዲህ ትሂድ" አለች፣ "ከፊት ግን አትለይህ።"

በር ላይ መሲ ቆማለች። አዲስ ቢጫ ዝናብ ልብስ ለብሳለች። "ጋሽ አስማማው፣ እኔም ልሂድ?"

"ግቢ የኔ ልጅ። ኋላ ግቢ።"

እንዲህ በቀላሉ! በሩ "ድም" አለ፤ መሲ ቀዩ ቆዳ ላይ ተንደላቀቀች፤ የክንድ ማሳረፊያውን ራሷ ጎትታ አወረደችው። እኔ ፊት ሆኜ አንገቴ እስኪጣመም ዞሬ አያታለሁ። በመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ሥር ስናልፍ ለመንገደኛው ሁሉ እጇን ታወዛውዛለች፤ ሰውም ይመልስላታል። እኔ ሰላም ልበል ብል የአባቴ እጅ ደረቴ ላይ ናት። ልነክሰው ምንም አልቀረኝም።

የጀልባ ወደቡ ላይ ሰው በዝቷል። ያ ደሴት ሴት አይገባበትም። ስለዚህ በሩፋኤል መነኮሳቱ ራሳቸው በጀልባ ወደ እኛ ዳር ይሻገራሉ፤ ሴቶች ስለታቸውን፣ ጥላውን፣ በጉን፣ ዕጣኑን፣ መጋረጃውን፣ እዚያው ያስረክባሉ፤ የሚሸጠውም እዚያው በጨረታ ይሸጣል። አባቴ ከሰዉ ራቅ ብሎ መኪናዋን አቆመና ወረደ። ዝናቡ መጣ። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ሆኑ፤ ደሴቱ ጠፋች። አባቴ እጁን በመኪናዋ ግንባር ላይ አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔ በመስታወቱ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። ለመኪና የሚጸልይ አባት ያለው ልጅ ከእኔ ሌላ ማን አለ?

አባ ወልደ ጻድቅ ቢጫ ቀሚሳቸው ረጥቦ እግራቸው ላይ ተጣብቆ መጡ። መስታወቱን ትንሽ አወረድሁ።

"ዘንድሮስ፣ አስማማው?"

"አልሆነም አባ። ጠያቂ አለ፤ የሚጠሩት ዋጋ ግን ያሳፍራል።"

"እሱ አይቸኩልም።"

"እኔ እቸኩላለሁ አባ። እፈራለሁ።"

"አትፍራ። እስከ ዛሬ ማን የጠበቃት መሰለህ?"

እንግዲህ ይታያችሁ። መነኩሴው ሳይቀሩ ከመኪናዋ ጋር ናቸው ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ። ወደ ኋላ ዞርሁ። መሲ በመስታወቱ ላይ በጣቷ አበባ እየሳለች ነው። "ነይ እንጂ፣ ሰፊ ነው" አለችኝ፣ ወደ ገዛ ቤቷ እንደምትጋብዝ። እንደምትጋብዝ! በሁለቱ ወንበሮች መካከል ሾልኬ ወረድሁና ኋላ ተቀመጥሁ።

ሞቃት ነበር። ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ቅባትና አሮጌ ሽቶ ይሸታል። ክንዴን ማሳረፊያው ላይ አደረግሁ። ከዚያ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ወደ ኋላ ተደገፍሁና ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ሚኒስትሮች እንደዚያ የሚያደርጉ ይመስለኝ ነበር።

በሩ ሲከፈት ዓይኔን ገለጥሁ። የአባቴ ፊት አመድ መስሏል። "ውጪ!" አለ። ድምፁ የሱ አይደለም። "ከዚያ ውጪ! ውጪ!" ክንዴን ይዞ ጎተተኝ፤ አንድ ጫማዬ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ዝናቡ ውስጥ ቆምሁ። አባቴ እጁን አንሥቶብኝ የማያውቅ ሰው ነው።

"ተው አስማማው፣ ቀስ" አሉት አባ።

መሲን ግን አላወጣትም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። መሲ ደረቅ ቢጫ ልብሷን ለብሳ፣ ቀዩ ቆዳ ላይ ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች። እኔ በአንድ እግር ጫማ ጭቃ ላይ ነኝ። ያን ጊዜ ወሰንሁ። አባቴ መኪናዋን ከእኔ ይወዳል፤ የሰውን ልጅም ከእኔ ይወዳል። ከመሲ በታች፣ ከቆዳው በታች ነኝ።

አሁን የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ያንን አመድ የመሰለ ፊት በመስኮቴ በኩል በየቀኑ አየዋለሁ፤ ልጃቸውን ከላይ ክፍል አስተኝተው ወረቀት ይዘው የሚመጡ አባቶች ፊት ነው። የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም። ያን ጊዜ ግን ፊት ማንበብ አልችልም ነበር።

ያ ዝናብ ጠበልም ቢሆን አልጋ ላይ ጣለኝ። በማግስቱ ቀትር ላይ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ሳለ፣ እናቴና አባቴ ሳሎን ውስጥ ተጣሉ። ሲጣሉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

"ዛሬውኑ ስጥ!" ትላለች እናቴ። "ባገኘኸው ዋጋ ስጥ። አምና ሳል ነበር፤ ዘንድሮ ይኸው ትኩሳት። ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቀው?"

"በዚህ ዋጋስ አልሰጥም።"

"ዋጋ! አሁንም ዋጋ ትለኛለህ!" ብላ አለቀሰች።

በቅናት ያለቀሰች መሰለኝ። ትራሴን አቅፌ ደስ አለኝ። ሁለት ሆንን አልሁ።

ከሰዓት በኋላ ደላላ አንድ ሰውዬ ይዞ መጣ። አልጋዬ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ ብድግ ብዬ አየሁ። ሰውዬው ጎማዋን በእግሩ መታ፣ ኮፈኗን ከፈተ፣ ጥርሱን በስንጥር እየፋቀ ዞራት። "ብረቷ ደኅና ነው" አለ በመጨረሻ። "ቀልጦ ለምስማር ይሆናል።" ዋጋ ጠራ። እኔ አልጋዬ ላይ ተንበርክኬ፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠኝ፣ እጸልያለሁ፤ ውሰዷት፣ ውሰዷት፣ ውሰዷት። ለማን እንደምጸልይ ሳስብ የበዓሉ ሰሞን ነውና፣ "ቅዱስ ሩፋኤል፣ አንተው ውሰዳት" አልሁ።

አባቴ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋና፣ "ወንድሞቼ፣ ውጡልኝ" አለ።

በሳምንቱ እኔ ዳንሁ። አባቴ ለመኪናዋ አዲስ ቆርቆሮ ገዝቶ ሰፊ መጠለያ ሠራላት። እኔም ከዚያ በኋላ በሷ አልሄድ አልሁ። በእግሬ ትምህርት ቤት ሄድሁ፣ በብስክሌት ኮሌጅ ሄድሁ፣ በባጃጅ ሥራ ገባሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ከአባቴ ጋር በፍቅር ኖርን፤ ስለ መኪናዋ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

አምና ክረምት ሊወጣ ሲል በራችን ተንኳኳ። ከፈትሁ። መሲ ናት። ያው ውብ ናት፤ ያው በጫማዋ ቀናሁ። የሠርግ ሥራ ከፍታለች፤ ድንኳኑ፣ አበባው፣ የሙሽራ መኪናው ሁሉ የሷ ነው። አቶ አማኑኤል ካረፉ ቆይተዋል፤ ነጩ ኮሮላም የት እንደ ደረሰ የሚያውቅ የለም።

"ጋሽ አስማማው፣ መርቸዲሷ አሁንም አለች?"

አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ምርኩዙን ይዞ መጠለያውን ከፈተላት፣ ሸራውን ገለጠ። መሲ አፏን በእጇ ከደነች።

"ውይ ጋሽዬ! ይቺ'ኮ ክላሲክ ናት!"

"ምን ናት?"

"ክላሲክ። ሙሽሮች አሁን አዲስ መኪና አይፈልጉም፣ ሁሉም ጋ ያለ ነው። እንዲህ ያለችውን ነው የሚፈልጉ፤ ሐይቁ ዳር ፎቶ ሊነሡባት። ከአዲስ አበባ ሳይቀር ይደውሉልኛል። ቀሽት ናት!"

"በኛ ቋንቋ ቅርስ መሆኗ ነው?"

"በሉት፣ እንዲያ ነው።"

አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። "የሺ!" ብሎ ተጣራ። እናቴ ከጓዳ ወጣች። "የሺ፣ መሐሉን አለፈች" አላት። እናቴ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ፣ ከመኪናቸው መለየት ከብዷቸው ነው አልሁ። እኔን ኮሌጅ ሲሸኙኝ እንዲህ አላለቀሱም ነበር።

"አሁኑኑ ልግዛት" አለች መሲ።

"እዚህ አልሸጥልሽም። ጳጉሜን ሦስት ወደቡ ላይ ነይና ተጫረቺ።"

ለምን ወደቡ ላይ ብዬ ብጠይቅ እናቴ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች፣ አባቴም ሸራውን መልሶ አለበሳት። መቼም ያረጁ ሰዎች ናቸው ብዬ ተውሁት። ውስጤ ግን ተቃጠለ። ስንት ዓመት ተሸፍና ኖራ፣ ተወልውላ ኖራ፣ ለመሲ!

ጳጉሜን ሦስት ዝናብ አልዘነበም፤ ደመናው ብቻ ዝቅ ብሎ ሐይቁ ላይ ተኝቷል። አባቴ መኪናዋን ጥላውና በጉ ከቆመበት አጠገብ አቆማት። ወጣቶች ከበው ፎቶ ያነሧታል። አባ ወልደ ጻድቅ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቷል፤ በደቀ መዝሙር ተመርተው መጡና ኮከቧን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ፈገግ አሉ። ድምፅ ማጉያ የያዘው ዲያቆን የስለቱን ዝርዝር ይናገራል። ልማዱ ነው፤ ስለት ሲገባ የተሳለው ሰው ስምና ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገራል፣ እልል ይባላል። እኔ ከኋላ ቆሜ መሲን እያየሁ ነው።

"አቶ አስማማውና ወይዘሮ የሺመቤት!" አለ ዲያቆኑ። "ልጃቸው ወለተ ሩፋኤል ገና ክርስትና ሳትነሣ፣ በዛሬው ዕለት፣ እናቷ ከወለደችበት ከአንበሳሜ ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሲወስዷት ትንፋሿ ተቋርጦ ነበርና፣ 'ቅዱስ ሩፋኤል ሆይ፣ ይቺን ነፍስ ብታተርፍልን ይቺ መኪና ያንተ ናት' ብለው የተሳሉትን፣ ልጃቸው ድና፣ አድጋ፣ ተምራ ስላዩ፣ ይኸው አስገብተዋል! እልል በሉ!"

መጀመሪያ እልል ያለችው እናቴ ናት። ሕዝቡ ተቀበላት። እኔ ስሙን ሰማሁት እንጂ ወዲያው አልገባኝም፤ የክርስትና ስሜን የሚጠራኝ ቄስ ብቻ ነው። ከዚያ ሄጄ የመኪናዋን ጎን ተደገፍሁ። አባቴ ከጎኔ መጣ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ስለት ሳይገባ ለልጁ አይነገርም። ምን ብዬ ልንገርሽ? ነፍስሽ በመያዣ ናት ልበልሽ?"

"መኪና ለደሴት!" አልሁት። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣብኝ። "በምን ሊያሻግሯት ነበር?"

"መች አሰብሁት ያን ጊዜ? ሐይቁ ከሩቅ ታየኝ፣ ቀኑ የሱ ነው፣ ያለችኝ እሷ ናት፤ ጮኽሁ። ኋላ አባን ስነግራቸው፣ 'ልጄ፣ መኪና በታንኳ ይገባል?' ብለው ሳቁብኝ። ሽጠህ ዋጋዋን አምጣ አሉኝ።"

"ታዲያ ለምን ያኔ አልሸጥሃትም?"

"የሚጠሩት የቆራሌውን ዋጋ ነዋ!" አባቴ ምርኩዙን መሬት ላይ መታ። "ባንቺ ነፍስ ልክ የተሳልሁትን በምስማር ዋጋ ላግባ? እናትሽ ስጥ ስጥ ትለኛለች፣ ባሳልሽ ቁጥር ነፍሷ ይወጣል። እኔም ነፍሴ ይወጣል። ግን አልሆነልኝም። ዋጋዋ ያንቺ ዋጋ መሰለኝ።"

ጨረታው ተጀምሯል። አንድ የሆቴል ባለቤትና መሲ ዋጋ ይጨማመራሉ፤ ሰዉ በየጭማሪው ያጨበጭባል።

"ኋላውን ወንበርስ ለምን ከለከልኸኝ?" አልሁት። ይኼን ሳልጠይቅ መሞት አልፈልግም ነበር።

አባቴ የመኪናዋን የኋላ ማያ መስተዋት በምርኩዙ ጠቆመ። "በመስተዋቱ አይቼሽ ነበር" አለ። "ያን ቀን። እናትሽ እቅፍ ላይ፣ ሰማያዊ ሆነሽ፣ ዓይንሽ ተከድኖ። ሁለተኛ በዚያ መስተዋት ውስጥ ላይሽ አልቻልሁም። ፊት ስትሆኚ በእጄ አገኝሻለሁ።"

ዓይኔን ጨፍኜ ተደግፌ የነበረው ትዝ አለኝ። እንደ ሚኒስትር።

"በሷ ስቀና ነው የኖርሁት፣ ታውቃለህ?"

"አጣሁት ብለሽ? ቆራሌው ሲመጣ በር ስትከፍቺ አይሽ አልነበር!" ሳቀ። "ምን ያስቀናሻል፣ ሞኝ። ባንቺ ለውጫት የለ?"

ጭብጨባው ቀለጠ። መሲ አሸነፈች። የገባውን ገንዘብ አልናገርም፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ያላየው ነበር፤ ጣሪያው ለሚያፈሰው ቤተ ክርስቲያን ክዳን ሆኗል። መሲ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ።

"ጋሽዬ፣ እስከ ቤቴ እርስዎ ይንዱልኝ፤ የመጨረሻ" አለች። የኋላውን በር ከፈተች። ዞር ብላ አየችኝ። ጫማዬ መኪናዋ ውስጥ የቀረበትን ቀን አልረሳችም መሰል። "አንቺ ኋላ ግቢ፣ ዛሬስ።"

በሩ እንደ ተከፈተ ቆምሁ። ቀዩ ቆዳ አሁንም ያበራል።

"አይ" አልሁ። "ፊት ነኝ።"

መሲ ከት ብላ ሳቀች። "አውቃለሁ ፊት እንደሆንሽ" አለች፤ ጸጉሯን ገለጥ አድርጋ ግንባሯ ላይ ያለ አሮጌ ጠባሳ አሳየችኝ። "ይኼ ከኮሮላው ነው። አባዬ ነፍሱን ይማረውና፣ ብሬክ ሲይዝ ሰው መጫኑን ይረሳ ነበር።"

ተሳፈርን። እናቴ ከመሲ ጎን ኋላ ገባች። በሩ "ድም" አለ። አባቴ ምርኩዙን አቀበለኝና ሞተሩን አስነሣ። በዘንባባዎቹ ሥር ቀስ ብለን ሄድን። አደባባዩ ጋ አንድ ባጃጅ ድንገት ገባብን፤ አባቴ ብሬክ ያዘ። እጁ መጣች። ቆዳዋ የተሸበሸበ፣ የምትንቀጠቀጥ እጅ ናት፤ እኔን ቀርቶ ድመት አታቆምም። ደረቴ ላይ ሆና ቆየች። በሁለቱም እጄ ያዝኋት።

ቀና ስል በመስተዋቱ ውስጥ መሲን አየኋት። ወንበሩም መኪናዋም አሁን የሷ ናቸው፤ ክንዷን ማሳረፊያው ላይ አድርጋለች። የምታየው ግን የአባቴን እጅ ነበር።